«ሊንክ መቀየር አስተዋፅኦ አይባልም» ለተባለው

የገላኗ፦ ትናንት ማታ እዚሁ ግሩፕ ላይ «ሊንክ መቀየር አስተዋፅኦ አይባልም፣ ኮድ ጻፉ» ተብሎ ተጻፈ። ጀማሪ ልጆች የሶፍትዌራችን ሰነድ ውስጥ ያሉ 60 ያረጁ ሊንኮች አድሰው የላኩት ፑል ሪኩዌስት (ለውጣችንን ተቀበሉን የሚል ጥያቄ) ሳይነበብ ከተዘጋ በኋላ መሆኑ ነው። የጻፈው ሰው ያስረዳኝ። የመጫኛ ገጹ የማይከፈት ሶፍትዌር ኮዱ ቢያምር ለማን ነው?

ጀሞ 3፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ቃሌንም አላጥፍም። ደግሞ አንብቤዋለሁ። 60ውም በስክሪፕት የተቀየሩ ናቸው። አንዱን ልጥቀስ፦ አሮጌ ኮድን ከፓይተን 2 ወደ 3 ስለማሻገር የሚያስረዳው ገጽ ላይ የነበረውን የፓይተን 2 ሰነድ ሊንክ ወደ 3 አዙረውታል። አንባቢው የድሮውን ባህሪ ሊያይ ሄዶ አዲሱን ያገኛል። የፓይተን 2 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2020 አበቃ ማለት ሰነዱ አያስፈልግም ማለት አይደለም።

የኮዬው፦ እሱ የአሠራር ስህተት ነው፣ ይታረማል። «አይባልም» ግን ከየት መጣ? ሊንክ ማደስ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ ገጹ ሲጠየቅ ሰርቨሩ የሚመልሰውን ቁጥር ይለያል። 301 ለዘለቄታው ተዛውሯል ነው፣ ገጹን ከፍተህ አይተህ ትተካዋለህ። 302 ጊዜያዊ ነው፣ አትንካው፤ ብዙ ሰነድ ከዋናው አድራሻ ወደ ወቅቱ ስሪት የሚልክህ በ302 ስለሆነ፣ መድረሻውን ከለጠፍክ ሊንክህ አንድ ስሪት ላይ ተቸንክሮ ይቀራል። 403 እና 429 ደግሞ ሊንኩ ሞተ ማለት አይደለም። አንደኛው አትገባም ነው፣ ሁለተኛው ጥያቄ አበዛህ ነው። እነዚህን ከ404፣ ማለትም ገጹ የለም ከሚለው፣ ጋር ደባልቆ የሚሰርዝ ሰው ጤነኛ ሊንክ ያጠፋል።

የገላኗ፦ ይሄን ሁሉ መለየት ነው እንግዲህ «አይባልም» የተባለው።

ቱሉ ዲምቱ፦ አንድ ነገር ልጨምር፣ በተለይ ከዳር ሰፈር ለምትሠሩ። መብራት ሄዶ በስልክ ዳታ ላይ ሆናችሁ ሊንክ መፈተሻውን ፕሮግራም አታስኪዱት። ኔትወርኩ ሲንጠባጠብ ጤነኛው ሁሉ «ጊዜው አለፈ» እያለ ሞቶ ይቆጠራል። በጊትሃብ አክሽንስ (የኮድ ማከማቻው ጊትሃብ ሥራን በራሱ የሚያስኬድበት አገልግሎት) ላይ በሳምንት አንድ ቀን በሰዓቱ እንዲነሳ አድርጉት፣ የወደቀውን 3 ጊዜ ይሞክር፣ ጥበቃውን 30 ሰከንድ አድርጉት። በእያንዳንዱ ፑል ሪኩዌስት ላይ አታስሩት፤ የሌላ ሰው ሰርቨር በወደቀ ቁጥር የእናንተ ሥራ ይቆማል። ሌላው፣ አንዳንድ ሰርቨር የ«ሄድ» ጥያቄን (ገጹን ሳያወርድ መኖሩን ብቻ የሚጠይቀውን) በ405፣ አልፈቅድም ብሎ፣ ይመልሳል፤ ያኔ ሙሉ ገጹን በሚጠይቀው በ«ጌት» ድገሙት።

ጀሞ 3፦ ጥሩ ምክር ነው፣ እነሱ ግን አንዱንም አላደረጉም። እ.ኤ.አ. በ2020 በሃክቶበርፌስት (ፑል ሪኩዌስት ለላከ ቲሸርት ይሰጥ በነበረው የኦክቶበር ወር ዘመቻ) ለቲሸርት ሲባል ሪድሚ (የፕሮጀክት መግቢያ ጽሑፍ) ላይ አንድ ቃል እየጨመረ የሚልከው በዝቶ አዘጋጆቹ ወሩ ሳይጋመስ ሕጉን ቀየሩት፤ የሚቆጠረው ፈቃደኛ በሆነ ሪፖ (የፕሮጀክት ኮድ ማከማቻ) ላይ የተላከው ብቻ ሆነ። «ኮድ ጻፉ» የምለው ያንን ስለማልረሳ ነው።

የገላኗ፦ ልጆቹን ከቲሸርት ለቃሚ ጋር አትደባልቅብኝ ወንድሜ። እነዚህ የተበላሸ ነገር አይተው ነው የነኩት።

የኮዬው፦ ከሁሉም የሚከፋው እኮ 200 የሚመልሰው የሞተ ሊንክ ነው። ሰርቨሩ 200፣ ማለትም ገጹ አለ፣ ይልና ገጹ ላይ «አልተገኘም» ተጽፎበታል። ወይም የዶሜኑ ክፍያ አልፎ ሌላ ሰው ገዝቶት የቁማር ማስታወቂያ ይሆናል። ወይም ሊንኩ «ማስተር» ቅርንጫፍ (በየጊዜው የሚለወጠው ዋናው ኮድ) መስመር 120 ይላል፣ ከላይ 15 መስመር ተጨምሮ የምትፈልገው ፈንክሽን 135 ላይ ወርዷል። መፈተሻ ይሄን አይይዝም፣ ዓይን ነው የሚይዘው። ለመስመሩ መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ጊትሃብ ላይ ፋይሉን ክፈቱ፣ «ዋይ» (y) ቁልፍን ተጫኑ፣ አድራሻው ላይ የቅርንጫፉ ስም በኮሚቱ (የዚያን ጊዜው የኮድ ቅጂ) መለያ ቁጥር ይተካል። ከዚያ በኋላ አይንሸራተትም።

ቱሉ ዲምቱ፦ አንከሩንም (ገጹ ውስጥ ወዳለ ንዑስ ርዕስ የሚወስደውን የሊንኩን ጫፍ) አትርሱ። ከሃሽ ምልክቱ (#) በኋላ ያለው ወደ ሰርቨሩ ስለማይላክ ንዑስ ርዕሱ ቢጠፋም መልሱ 200 ነው። ስፊንክስ የተባለውን የሰነድ ማዘጋጃ የምትጠቀሙ «ሜክ ሊንክቼክ» ብላችሁ ስታዙት አንከሩን ጭምር ያያል። በጃቫስክሪፕት የሚሠራ ገጽ ላይ ግን ያለውን የለም ስለሚል በእጅ አረጋግጡ።

ለገጣፎ፦ ለምን ሁሉንም በዌይባክ ማሽን (ኢንተርኔት አርካይቭ የድሮ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጥበት) ቅጂ አትተኩትም? አንዴ ተሠርቶ ያልቃል።

የኮዬው፦ አያልቅም። ቅጂው የዚያን ቀን ፎቶ ነው፣ የደኅንነት ማስተካከያ ሲወጣ አይታደስም። ለጠፋው ብቻ ነው የሚሆነው። የጉግል የኮድ ማከማቻ የነበረው ጉግል ኮድ እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ሲዘጋ ሜዳ ላይ ለቀሩት ሊንኮች ትክክል ነው፣ በሕይወት ላለ ሰነድ ግን ስህተት ነው። ኢንተርኔት አርካይቭ ራሱ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ጥቃት ደርሶበት ለቀናት ተዘግቶ ነበር። ያኔ ሰነድህ በሙሉ አብሮ ይዘጋል።

ለገጣፎ፦ ባለቤቱ ሲያነሳውም ሰነዴ ይዘጋል። እኔ የአርካይቩን እመርጣለሁ።

የገላኗ፦ ከጉዳዩ አትውጡ። ጀሞ 3፣ ልጆቹ ከፋፍለው ቢያመጡት ታየዋለህ?

ጀሞ 3፦ በአንድ ፑል ሪኩዌስት ከ8 ሊንክ አይብለጥ፣ የአንድ ገጽ ብቻ ይሁን። ለእያንዳንዱ የድሮው አድራሻ፣ የመለሰው ቁጥር፣ አዲሱ አድራሻና ለምን ይሄ እንደተመረጠ ይጻፍ። እንደዚያ ከመጣ አየዋለሁ። አስተዋፅኦ ነው ግን አላልኩም።

የገላኗ፦ ስምንቱን ለይቶ ምክንያቱን የሚጽፍ ሰው የሠራውን ምን ብለህ ትጠራዋለህ?

ጀሞ 3፦ ጥገና።

የኮዬው፦ ጥገና አስተዋፅኦ ካልሆነ እኔም ከዚህ ሪፖ ውጪ ነኝ ማለት ነው።