ከኮምዩኒቲ ኮሌጅ ወደ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ መዛወር፤ ያለፋችሁበት ካላችሁ ምከሩኝ

የሆጤ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ዛሬ አንብቤ ብቻ ነበር የምወጣው፣ አሁን ግን ራሴ ግራ ስለገባኝ መጣሁ።

ከአባቴ ጋር ሜሪላንድ ነው የምኖረው፣ ግሪን ካርድ አለኝ። እናትና አባቴ ከተለያዩ ቆይተዋል። እዚያ ኮምዩኒቲ ኮሌጅ ሁለት ሴሚስተር ጨርሼ 31 ክሬዲት ይዣለሁ፣ ጂፒኤዬ 3.7 ነው። ለክረምቱ እናቴ ጋ ደሴ ነኝ። ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፍላችሁ።

የባዮሎጂ መምህሬ "ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ከምትጠፊ ትንሽ የሊበራል አርትስ ኮሌጅ ሞክሪ" ብላ ሐሳብ ከተተችብኝ። እኔ ደግሞ ሁለት ዓመቴን ጨርሼ እንደ ሰው ሁሉ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር ነበር ያሰብኩት።

ቤተሰቡማ አይወራ! ትናንት ቡና ተፈልቶ ቶናው ሲቀዳ ነገሩን አነሳሁት። አጎቴ መጀመሪያ ኮምዩኒቲ ኮሌጅ ያው የኛ ቴክኒክና ሙያ አይደል ወይ አለኝ። አይደለም፣ የዲግሪው የመጀመሪያ ሁለት ዓመት በለው፣ ቀሪውን ሌላ ቦታ ሄጄ እጨርሳለሁ ብዬ አስረዳሁት። ሊበራል አርትስ ስል ደግሞ "አርት? ስዕል ልትማሪ ነው?" እናቴ ስኒዋን አስቀምጣ "አሜሪካ ድረስ ሄዶ ስዕል!" ጎረቤታችን "አብሽሪ፣ እዚያ ስዕልም ዶላር ያመጣል" ብላ ልታስታርቀን ሞከረች። እስከ በረካው ሲሳቅብኝ አመሸ።

እኔ ግን የምሬን ነው። የምዛወርበት ኮሌጅ ሳይቆጥርልኝ ክሬዲቶቼ ይወድቁብኛል ወይ? ዋጋውንም ድረ ገጻቸው ላይ በዓመት ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ሲል አይቼ ላፕቶፑን ዘጋሁት። በዚያ ላይ የሃይስኩል ትራንስክሪፕት ይፈልጋሉ። የተማርኩበት ትምህርት ቤት ሄጄ ሦስት ቀን ካመላለሱኝ በኋላ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ማህደርሽ በ2014ቱ ጦርነት ጊዜ ጠፍቷል አሉኝ። እባካችሁ የምታውቁትን።

ሐይቅ ዳር፦

እህቴ እንኳን ለእናትሽ አበቃሽ። እኔ የሐይቅ ልጅ ነኝ። ከቨርጂኒያ ኮምዩኒቲ ኮሌጅ ማሳቹሴትስ ወዳለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ተዛውሬ ነው የጨረስኩት።

ለአጎትሽ ንገሪያቸው፣ ስዕል አይደለም። ባዮሎጂውም ሒሳቡም ኢኮኖሚክሱም እዚያው አለ። ኮሌጁ ትንሽ ነው፣ የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪ ወይ የለም ወይ ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ላብ ውስጥ ከፕሮፌሰሩ ጋር የምትሠሪው አንቺው ነሽ። ከዲፓርትመንትሽ ውጭም ታሪክ፣ ፍልስፍና፣ ቋንቋ ያስወስዱሻል። ክፍላችን ውስጥ አሥራ ምናምን ነበርን። አንድ ቀን ሳላነብ ገብቼ ፕሮፌሰሯ በስሜ ጠርታ ስትጠይቀኝ፣ ወላሂ ቁርአን ቤት ሐርፍ የጠፋብኝ ቀን ነው ትዝ ያለኝ። መደበቂያ የለም።

ሰው የሚጎዳው ክሬዲቱ ላይ ነው። የኮምዩኒቲ ኮሌጁ የሁለት ዓመት ዲግሪ፣ አሶሼት የሚሉት፣ 60 ክሬዲት ገደማ ነው፣ ባችለር 120፣ አንዳንዱ ሊበራል አርትስ 128 ይጠይቃል። ብዙዎቹ ደግሞ ግማሹን እኛ ጋ መማር አለብሽ ይላሉ። ስለዚህ ኮምዩኒቲ ኮሌጅ ሦስት ዓመት ብትቀመጪም ከሁለት ዓመት በላይ አይቆጥሩልሽም። ከሲ በታች ያገኘሽበት ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ አያልፍም። የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያና ከኮሌጅ ደረጃ በታች የሆነ ሒሳብም ብዙ ጊዜ ዋጋ የለውም። እንደ ቢሮ ሥራ ያለ የሙያ ኮርስ ከሆነ "እኛ ጋ የሚመስለው የለም" ይሉሻል። እኔ 14 ክሬዲት የቀለጠብኝ እንደዚህ ነው፣ አድቫይዘሬ ውሰድ ያለኝን ሁሉ ዓይኔን ጨፍኜ ስወስድ ሰውየው የሚያስበው እዚያው ለመመረቅ የሚያስፈልገኝን ነበር እንጂ የምሄድበትን አልነበረም። አንድ ሴሚስተር ሙሉ ገደል ገባ ማለት ነው። ግሬድሽም ብዙ ቦታ አብሮሽ አይሻገርም። 3.7ሽ በር ያስከፍትልሻል፣ ከገባሽ በኋላ ጂፒኤሽ እንደ አዲስ ይጀምራል።

ስለዚህ የሁሉንም ኮርስ አውትላይን ከአሁኑ ሰብስቢ። አንዱን የስታቲስቲክስ ኮርሴን አይገጥምም ብለው ጥለውት፣ የየሳምንቱን ርዕስና የመማሪያ መጽሐፉን የያዘውን አውትላይን ስልክላቸው መልሰው ቆጠሩልኝ።

ዋጋው አያስደንግጥሽ፣ ሰኞ ገበያ መጀመሪያ የሚጠራልሽ ዋጋ በይው። አቅምሽን አይተው የጎደለውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍኑ አሉ፣ ለምሳሌ አምኸርስትና ቫሳር። ሁሉም ግን እንደነሱ አይደለም፣ ለተዛዋሪ ተማሪ እጃቸው የሚያጥርም አሉ። በየድረ ገጹ ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር አለ፣ እሱ ላይ የአባትሽን ገቢ አስገቢና እውነተኛውን ቁጥር እዪ። የጃክ ኬንት ኩክ ፋውንዴሽን ደግሞ ለኮምዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ብቻ የሚሰጠው ስኮላርሺፕ አለ፣ በዓመት እስከ 55 ሺህ ዶላር ይደርሳል። ፉክክሩ ከባድ ነው፣ ግን በ3.7 አለመሞከር ነውር ነው።

ፋፍሳ የሚባለውን የመንግሥት የእርዳታ ማመልከቻ ትሞያለሽ፣ ብዙዎቹ የግል ኮሌጆች ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባል ሌላ ፎርም ይጨምሩበታል። ወላጆችሽ ስለተለያዩ አንዳንዱ ኮሌጅ የእናትሽንም ገቢ ይጠይቃል። አሁን አጠገቧ እያለሽ ጨርሺው። በኋላ በስልክ "እማ ባለፈው ዓመት ስንት ሸጥሽ?" ስትያት ምን እንደምትልሽ ታውቂያለሽ።

ከኮምቦልቻ፦

ሐይቅ ዳር ያለው ልክ ነው፣ ግን የተሳካለት ሰው ወሬ ነው። እኔም በሜሪላንድ ኮምዩኒቲ ኮሌጅ አልፌ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው የሄድኩት። አንድ ክሬዲት አልወደቀብኝም። አስማት የለውም፣ የስቴቱ ኮሌጆች ተስማምተው የትኛው ኮርስ በየትኛው እንደሚተካ አርትሲስ የሚባል ድረ ገጽ ላይ ዘርዝረውታል። ገብተሽ ታያለሽ፣ አለቀ።

ሌላው ሥራ ነው። እኔ ሌሊት ፓርኪንግ እየሠራሁ ነው የተማርኩት። እነዚህ ትንንሽ ኮሌጆች ብዙዎቹ ዶርም ገብተሽ ቀን ቀን የምትማሪባቸው ናቸው፣ የማታ ክፍል አትጠብቂ። ግማሾቹ ገጠር ናቸው። አንድ ጓደኛዬ እንጀራ ለመግዛት ሦስት ሰዓት አውቶቡስ ላይ ይቀመጥ ነበር፣ በመጨረሻ ቀጤማ እንኳ ናፈቀኝ አለኝ። መንግሥት ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪ የሚሰጠው ፔል ግራንትም ገደብ አለው፣ በ2024-25 ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነበር፣ በዕድሜሽ የሚሰጥሽ በጠቅላላው ለ12 ሴሚስተር ነው። ክሬዲት እያቃጠልሽ ዓመት ከጨመርሽ እሱም ያልቃል።

መሃከለኛ መንገድ ከፈለግሽ ሴንት ሜሪስ ኮሌጅ ኦፍ ሜሪላንድ የሚባለውን እዪው። ትንሽ ነው፣ ሊበራል አርትስ ነው፣ ግን የመንግሥት ነው። ለስቴቱ ነዋሪ ክፍያው ከግሎቹ ጋር አይገናኝም።

የሆጤ ልጅ፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የመንግሥት ሆኖ ሊበራል አርትስ መኖሩን ዛሬ ነው የሰማሁት። ከኮምቦልቻ፣ የእንጀራዋ ነገር ልቤን ነካችኝ፣ ቀልዴን አይደለም።

እናቴን ስለ ገቢዋ ጠይቄያት "ለማን ልትነግሪ ነው?" ብላ ተቆጣች። ነጋዴ ናት፣ ደብተሯ ጭንቅላቷ ውስጥ ነው። የሃይስኩሉን ወረቀት የሚያውቅ የለም?

ጡረተኛው፦

ልጄ፣ እኔ ወሎ ውስጥ ስንት ዓመት ሬጅስትራር ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። ማህደር ጠፋ ማለት ሰውየው ጠፋ ማለት አይደለም።

የ11ኛና የ12ኛው ካለ ያንን በኦፊሻል ያውጡልሽ፣ ስቱደንት ኮፒ አትቀበይ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤትሽ አዲስ አበባ የፈተናዎች አገልግሎት ዘንድ ስላለ በዚህ ጦርነት አልተነካም። ለጠፉት ዓመታት ትምህርት ቤቱ መዝገቡ በጦርነቱ ምክንያት እንደሌለ የሚገልጽ ደብዳቤ ይጻፍልሽ፣ በእንግሊዝኛ። ቁጥርና ቀን ይኑረው። ቁጥርና ቀን የሌለው ደብዳቤ ያው ተራ ወረቀት ነው። ፖስታው ሲታሸግ ማህተሙ ክዳኑ ላይ ይረፍ፣ አንቺም እንዳትከፍቺው። ስምሽ፣ የአባትሽና የአያትሽ ስም ከፓስፖርትሽ ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን እዚያው ቆመሽ አረጋግጪ፣ በአንዲት ፊደል የተነሳ ስንት ልጅ ከአዲስ አበባ ሲመለስ አይቻለሁ። ዓመተ ምሕረቱም የኛውና የፈረንጁ ጎን ለጎን ይጻፍ፣ አለበለዚያ እዚያ ያለው ሰው በ2013 ሃይስኩል ነበረች ሲባል ስንት ዓመትሽ ነው ብሎ ይደናገራል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናትሽ የድሮ ካርዶችሽን አላስቀመጠችም? ካርዱ ካለ ርዕሰ መምህሩ ከእሱ ላይ ገልብጦ ሊያረጋግጥልሽ ይችላል።

ሐይቅ ዳር፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልን፣ ይህን የሚያውቅ አማካሪ አሜሪካ የለም።

የሆጤ ልጅ፣ አንድ የረሳሁት። ለሚቀጥለው መስከረም የሚገቡ ተዛዋሪዎች ማመልከቻ ብዙ ቦታ የሚዘጋው በፈረንጅ መጋቢት አካባቢ ነው። ብዙ ኮሌጆች በጋራ የሚጠቀሙበት ኮመን አፕ የሚባል የማመልከቻ ድረ ገጽ ላይ ለተዛዋሪ የተለየ ፎርም አለ። በሴሚስተሩ አጋማሽ ያለሽን ውጤት መምህሮችሽ የሚሞሉበት ወረቀትም ሊጠይቁሽ ይችላሉ፣ ያንን ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዪው። የባዮሎጂ መምህርሽን የድጋፍ ደብዳቤ በመስከረም ጠይቂያት፣ ሐሳቡን የከተተችብሽ እሷ ስለሆነች እምቢ አትልም። አምስት ኮሌጅ ብታመለክቺ ሁለቱ የመንግሥት ይሁኑ፣ የኮምቦልቻውም ልጅ ደስ ይበለው።

ከኮምቦልቻ፦

ደስ ብሎኛል። ሦስቱ ይሁኑ።

የሆጤ ልጅ፦

ጋሼ፣ እርስዎን ፈጣሪ ያቆይልኝ! እናቴን ካርድ ስላት ምንም ሳትናገር ተነስታ ከአልጋው ሥር ሳጥኑን ጎተተችው። ከሙሽርነቷ ጥልፍ ቀሚስ በታች በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አለ፣ ስፈታው ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉም ካርዶቼ በተራ። የ10ኛው ላይ ቡና ፈሶበታል፣ ሒሳብ 87 ግን ይነበባል። ስለ ገቢዋ የተቆጣችው ሴት ይህን ሁሉ ዓመት ወረቀት ስትደብቅ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ነኝ፣ አጎቴም አብሬሽ እሄዳለሁ ብሏል። "ሠዓሊዋ" ነው የሚለኝ አሁን።