ሰይድ መሐመድን ማን ያግኝልኝ?

ወሎ ውስጥ ባለ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። በቅርቡ አስተዳደሩ የኮምፒውተር ምዝገባ አስገባና የድሮውን የስም መዝገብ መጋዘን ውስጥ ቆለፈው። ስልጠናውም መብራት ጠፍቶ በአጭሩ ተቋጨ።

ችግሩ ፍለጋው ላይ ነው። እኛ ጋ ሰይድ ወይም መሐመድ የሌለበት ስም ማግኘት ይከብዳል። አንዱ ባልደረባዬ «መሐመድ» ብሎ ይመዘግባል፣ ሌላው «መሀመድ»፣ ሌላዋ «ሙሐመድ»። ለኮምፒውተሩ ሀ እና ሐ የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ስለዚህ «አልተገኘም» ይላል። ታካሚው እንደ አዲስ ተመዝግቦ አዲስ ቁጥር ይወጣለታል። የስኳር ወይም የቲቢ ክትትል ያለው ሰው የቀድሞ ታሪኩ ሌላ ቁጥር ላይ ይቀራል። የገበያ ቀንማ አይወራ!

በስልክ ቁጥር ለመፈለግ ሞከርን። ከገጠር የሚመጡት ብዙዎቹ የሚሰጡን የጎረቤት ወይም የልጃቸውን ቁጥር ነው። በልደት ቀንም አልሆነም፤ በግምት ነው የሚሞላው። ለኃላፊዎች ስንናገር መልሳቸው «ትለምዱታላችሁ» ነው። እነሱ መስኮቱ ጋ አይቀመጡ!

ካርድ ክፍል የምትሠሩ እህት ወንድሞች፣ ስም በፊደል ልዩነት እንዳይጠፋባችሁ ምን ዘዴ ትጠቀማላችሁ?