«አለቃዬ ሃቭ» ወይስ «አለቃዬ ሃዝ»?

ጥያቄ፦ ሰላም የቋንቋ ወዳጆች። ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ቢሮ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ትናንት የውጭ አገር ሰው መጣና አለቃዬን ጠየቀኝ። «ማይ ቦስ ሃቭ ኤ ሚቲንግ» አልኩት። አጠገቤ ያለችው ባልደረባዬ «ሃዝ ነው የሚባለው» ብላ ሰው ፊት አረመችኝ። በጣም አፈርኩ። ሕጉን እኮ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ለሂ፣ ለሺና ለኢት ሃዝ፣ ለሌላው ሁሉ ሃቭ። ታዲያ አፌ ላይ ለምን ሃቭ መጣ? የአማርኛ አቻውስ የትኛው ቃል ነው?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። እስቲ ያልሽውን ወደ አማርኛ መልሺው። «አለቃዬ ስብሰባ አላቸው» ነው የምትይው። «አለው» ብትይ ነውር ነው። «አላቸው» ደግሞ ለአክብሮትም ለብዙም ያገለግላል። «ልጆቹ ደብተር አላቸው» ስንልም ያው ራሱ ነው። አንቺ በልብሽ «እሳቸው» አልሽ፤ አፍሽ ግን «እነሱ» ብሎ ቆጠረውና ሃቭን አወጣ።

አራት ኪሎ አካባቢ ለዓመታት እንግሊዝኛ ሳስተምር ይህን ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ተማሪው ስለ ታናሽ ወንድሙ ሲያወራ «ሃዝ» ይላል። ስለ አያቱ ሲሆን «ሃቭ» ይመጣበታል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ አክብሮት ነው ያሳሳተው።

በእንግሊዝኛ ግን ንጉሡም ሃዝ፣ ሊስትሮውም ሃዝ፣ ድመቷም ሃዝ ናቸው። አንቱታ ጨርሶ አልነበራቸውም ማለት ግን አይደለም። «ዩ» ድሮ የብዙ ቁጥር ነበር። አንድን ሰው «ዛው» ነበር የሚሉት፤ ግሱም «ሃስት» ነበር። ለትልቅ ሰው ግን፣ አንድ ቢሆንም፣ በብዙ ቁጥር «ዩ» ማለት ጀመሩ። ቀስ በቀስ አንተም አንቺም ከአፍ ጠፉና ሁሉም ሰው አንቱ ሆኖ ቀረ። ዛሬ አንድን ሰው «ዩ ሃቭ» የምንለው ለዚህ ነው። እኔ ይህን ሳውቅ ቋንቋው ዘመዴ መሰለኝ።

አቻውን በተመለከተ፣ አማርኛ ለሃቭ ራሱን የቻለ ግስ የለውም። «መኪና አለኝ» ስንል ግሱ «አለ» ነው። መኪናው ለእኔ አለ እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ግሱ የሚከተለው የተያዘውን ነገር ነው። «ወንድም አላት፣ እህት አለቻት፣ ወንድሞች አሏት» እንላለን። ሴትየዋ አንድ ናት፤ ግሱ ግን ሦስት ጊዜ ተለወጠ። በእንግሊዝኛ ሦስቱም «ሺ ሃዝ» ናቸው፣ ምክንያቱም እዚያ የሚታየው ባለቤቷ ብቻ ናት። «ሺ ሃቭ ቱ ብራዘርስ» የሚል ሰው ስሰማ፣ ወንድሞቹን ቆጥሮ ይሆናል እላለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ልቤ ነው ያረፈው። አንድ ላስቸግርዎት። «ዳዝ» ሲመጣስ? «ዳዝ ሺ ሃዝ» ነው የምለው?

መልስ፦ «ዳዝ ሺ ሃቭ» ነው። መጨረሻ ላይ ያለችውን የ«ዝ» ድምፅ ዳዝ ቀድሞ ወስዷታል፤ አንዴ ከተነገረች ይበቃል። በአሉታም ያው ነው፤ «ሺ ዳዝንት ሃቭ»። «አይ አም ሃቪንግ ኤ ካር» ከሚሉትም ተጠንቀቂ። ምሳ ስትበዪ «አይ አም ሃቪንግ ላንች» ማለት ትችያለሽ። ንብረት ሲሆን ግን «አይ ሃቭ» ብቻ ነው።

«መሄድ አለብኝ» የሚለውንም አስቢው። ያው «አለ» ነው፤ ግዴታው እላዬ ላይ አለ እንደ ማለት። እንግሊዝኛውም እዚህ ላይ ሃቭን ነው የሚጠቀመው፤ «አይ ሃቭ ቱ ጎ»። ስለ አለቃሽ ስትናገሪ ደግሞ «ሂ ሃዝ ቱ ጎ» ትያለሽ። በአማርኛው «መሄድ አለባቸው» በያቸው።