የባሕር ዛፍ ዘይት ለአንድ ዓመት ከሁለት ወር ልጅ ይቀባል?

የልደታዋ እናት፦
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሥራዬ ሜክሲኮ አካባቢ ባንክ ውስጥ ስለሆነና ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ስለማፈጥ ማታ ማታ ራሴን ያመኛል። ባለፈው ወር ሦስት ትንንሽ ቡናማ ጠርሙሶች ገዛሁ፤ የባሕር ዛፍ፣ የናና እና የላቬንደር መዓዛማ ዘይት፣ እያንዳንዳቸው 10 ሚሊ ሊትር። ከላቬንደሩ ሁለት ጠብታ መሐረብ ላይ አድርጌ ትራሴ አጠገብ አስቀምጣለሁ፤ እንቅልፌ ተሻሽሏል። የናናውን ግን በቀጥታ ግንባሬን ብቀባው ቆዳዬ ቀልቶ ሁለት ቀን አቃጠለኝ።

ዋናው ጥያቄዬ ስለ ልጄ ነው። ሐምሌ ከገባ ጀምሮ አፍንጫው እየታፈነ ሌሊት ደጋግሞ ይነቃል። ሻጩ «የባሕር ዛፉን ደረቱንና አፍንጫው ሥር ቀቢው፤ ለራስሽም ሳል ሦስት ጠብታ ሻይ ውስጥ ጨምረሽ ጠጪ» ብሎኛል። እናቴም «እናንተን በቅጠሉ እያጠንሁ አይደል ያሳደግኋችሁ? ቅጠሉም ዘይቱም አንድ ነው» ትላለች። ትናንት ማታ ጠርሙሱን ከፍቼ ልቀባው ስል ሽታው ዓይኔን አስለቀሰኝና እጄ አልታዘዝ አለኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መድኃኒት ቤት ያለሁ፦
እህቴ፣ አትቀቢው። ሻዩም ይቅርብሽ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በመድኃኒት ባለሙያነት 17 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይመጣል።

ብዙ እናቶችን የሚያሳስተው «ቅጠሉም ዘይቱም አንድ ነው» የሚለው ነው። ዘይቱ የሚገኘው በቅጠሉ መካከል እንፋሎት አሳልፈው፣ እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ከውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን በመለየት ነው። ያችን 10 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለመሙላት ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ቅጠል ያልቃል። እናትሽ ያፈሉት አንድ እፍኝ ነው፤ እሱም ቢሆን አብዛኛው በቤቱ አየር ውስጥ በንኖ ይጠፋል። በባሕር ዛፍ ውስጥ ያለው ሲኒዮልና በናና ውስጥ ያለው ሜንቶል ሕፃን አፍንጫ ሥር ሲቀቡ የአየር ቧንቧውን ሊያኮማትሩ፣ ትንፋሹንም ለአፍታ ሊያቋርጡ ይችላሉ። ለእኛ አፍንጫ የሚከፍት የሚመስለን ያ ቀዝቃዛ ስሜት እርሱን ሊያፍነው ይችላል።

መጠጣቱ ደግሞ የባሰ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት የሁለት ዓመት ልጇን ታቅፋ ገባች፤ ነጠላዋ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸታል። ልጁ ጠርሙሱን አልጋ ሥር አግኝቶ ተጎንጭቶለታል፤ አንገቱን መሸከም አቅቶታል። «ትንሽ ነው፣ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው» አለችኝ። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ነው፤ ይህ መጠን ሕፃንን ራሱን ሊያስት፣ ሊያንቀጠቅጥም ይችላል። ዘይቱ ሲመለስ ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል እንዲያስመልስ አላደረግሁም። ጠርሙሱን ይዘን በታክሲ ወደ ሆስፒታል በረርን። ልጁ ተርፏል። ከዚያ ወዲህ ዘይት ለሚገዛ ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው «የት ነው የምታስቀምጠው?» ብዬ ነው።

ለልጅሽ ከመድኃኒት ቤት ለአፍንጫ የሚሆን የጨው ውሃ ጠብታ ገዝተሽ ከመጥባቱ በፊት አድርጊለት። ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ ወይም ጡት እምቢ ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን ሳታድሪ ወደ ሕክምና ውሰጂው።

ለራስሽ ግን ተጠቀሚበት፤ እኔም እጠቀማለሁ። የናና ዘይት ለራስ ምታት ጥሩ ነው፤ ያቃጠለሽ ሳይበረዝ ስለተቀባሽው ነው። በ30 ሚሊ ሊትር የሰሊጥ ወይም የወይራ ዘይት 12 ጠብታ ጨምሪ፤ ወደ 2 በመቶ ይሆናል። መጀመሪያ ክንድሽ ላይ ጥቂት ቀብተሽ አንድ ቀን ጠብቂ። ካቃጠለሽ በውሃ ብቻ አትታጠቢ፤ ዘይትና ውሃ አይዋሃዱምና በምግብ ዘይት ጠርገሽ በሳሙና እጠቢው። የምታጠቢ ስለሆንሽ ደረትሽን በፍጹም አትቀቢ።

ሽሮ ሜዳ ያደግሁ፦
ልጄ፣ እናትሽን አትቆጫቸው፤ ሁላችንም እንዲያው ነው ያደግነው። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ቅጠል ከእኛ ቤት አይጠፋም ነበር። ነገር ግን መታጠኑም ለሕፃን አይሆንም። ታናሽ እህቴ በብርድ ልብስ ተሸፍና ስትታጠን ድስቱ ተገልብጦ ጭኗን አቃጥሏታል፤ ጠባሳው ዛሬም አለ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ጎረቤቴ «መዓዛማ ዘይት» ብላ የገዛችው ሲታይ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ነበር። እርሱ ከፍሬው የሚጨመቅ ነው፤ ሌላ ነገር ነው። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ አድርገሽ እስከ ማግስቱ ተዪው። የተጨመቀው ዘይት ቅባቱን ትቶ ያድራል፤ በእንፋሎት የወጣው ግን ተንኖ ቢበዛ ጥቂት ቀለም ብቻ ይተዋል። ተበርዞ የሚሸጠውንም እኔ በዚህ ነው የምለየው።

የልደታዋ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጠርሙሶቹን ቁም ሣጥኑ ውስጥ ቆልፌባቸዋለሁ። የወረቀቱን ነገር ከእናቴ ጋር ሞከርነው። ላቬንደሩ ጠዋት ምንም ምልክት አልነበረውም፤ የባሕር ዛፉ ግን ጣት የሚያሟልጭ ክብ ቅባት ትቶ ተገኘ። እናቴ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ ደጋግማ አየችውና ጠርሙሱን ራሷ ወስዳ ጣለችው። አንድ ጥያቄ ግን ቀረኝ፤ እዚያው ሱቅ ለፊት ማድያት ብለው የሎሚ ልጣጭ ዘይት አሳይተውኝ ነበር። ይሆናል?

መድኃኒት ቤት ያለሁ፦
አይሆንም። ከልጣጭ የተጨመቀ የሎሚ ዘይት ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን ይለበልባል፤ ሲድን ደግሞ ከማድያቱ የባሰ ጥቁረት ትቶ ሊሄድ ይችላል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ ፀሐይዋ እንደ ቆላው ባትሞቅም ቆዳን የምትጎዳበት ኃይሏ ብርቱ ነው። ለማድያት የቆዳ ሐኪም ይይሽ።

ልጁስ ዛሬ እንዴት አደረ?