የኮምፖስቱ ላይ ደርቋል፣ ታቹ ይሸታል

የወጥ ቤት ትርፍራፊ ከቆሻሻ ጋር እንዳይጣል ብዬ፣ 100 ሊትር በሚይዝ ክዳን ባለው የፕላስቲክ በርሜል ኮምፖስት እያዘጋጀሁ ነው። ጎኑንም ሥሩንም በስቼዋለሁ። የሚገባው የአትክልትና የፍራፍሬ ልጣጭ፣ የእንቁላል ቅርፊትና የሻይ ቅጠል ነው፤ ሥጋ፣ ወተትና ዘይት የነካው ነገር አይገባም። ለአንድ እጅ ልጣጭ ሁለት እጅ ያህል ደረቅ ቅጠልና የተቀዳደደ ካርቶን እጨምራለሁ።

ችግሩ ከሥር ነው። ላዩ ደረቅና ሽታ የሌለው ሲሆን ታችኛው ሲሶ ጭቃ ሆኖ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። አየር ማጣቱ ገብቶኛል። ስለዚህ አገላበጥኩት፣ ካርቶን ጨመርኩ፣ ውሃ ማርከፍከፉንም ተውኩ። ሽታው ይጠፋል፣ ሙቀቱም ወደ 40 ዲግሪ ይወጣል፤ ከዚያ ይቀዘቅዝና ሽታው ይመለሳል። ከታች ዘግኜ ስጨምቀው አሁንም ውሃ ይንጠባጠባል። ክምሩ ሙቀት እንዲይዝ አንድ ሜትር ኩብ ያህል ቢሆን ጥሩ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለዚያ የሚበቃ ቦታም ትርፍራፊም የለኝም። (በትል ሥራው የሚሉኝ አሉ፤ እሱን ለጊዜው ተዉልኝ።)

ሁልጊዜ ሳልገለብጠው የዚህ በርሜል ታች አየር እንዲያገኝ ምን ላድርግ?