ጥቆማ፦ ጅማ ውስጥ ለኬክ የሚሆን የአትክልት ቅቤ ከየት ልግዛ?

ጋጋሪዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቤቴ ኬክና ብስኩት እየጋገርኩ ለቡና ቤቶች አስረክባለሁ። የላም ቅቤ ዋጋው የሚቀመስ ስላልሆነ ወደ አትክልት ቅቤ ልዞር ነው። መርካቶ በኪሎ የሚመዘን ነጭ አለ፤ ሱፐርማርኬት ደግሞ ማርጋሪን በጣሳ። ለልብ ጎጂ የሚባለው ትራንስ ስብ የሌለው የትኛው ነው?

የቆጪ ልጅ፦ ፈረንጅ አራዳ ያለው ሱቅ ሂጂ። እናቴ ከእርሱ ሌላ አታውቅም፤ አንድም ቀን አላሳፈረንም።

ሆድ የባሰው፦ ቅቤ ከተነሳማ እኔ ልናገር! ለበዓል ለጋ ቅቤ ብዬ ገዛሁ። ሲነጠር አረፋ የለው፣ ሽታ የለው፤ ከሥሩ ዝቃጭ እንኳን አልቀረም። ሲበርድ ነጭ ሆኖ ደረቀና ማንኪያ አልገባው አለ። የስንት ብር ዶሮ ተበላሸ! ሻጩ «የላሟ መኖ ነው» አለኝ።

ወለተ፦ እኔም ደርሶብኛል! ቅቤ ከገጠር ከሚመጡ እናቶች ተቀምሶ ነው የሚገዛው።

አባ ቢያ፦ ለወጥ ከሆነ የኑግ ዘይትን የሚያህል የለም።

የጂሬኑ፦ ልጅቷ ስለ ኬክ ጠየቀች፤ እስካሁን ዶሮና ወጥ ቀርቦላታል። ቡናውን ማን ያፍላ?

መምህሩ፦ እህቴ፣ ዘይት የማይረጋው የካርቦን ሰንሰለቱ ድርብ ትስስር ባለበት ስለሚጎብጥ ነው፤ ጠማማ ፍልጥ አልደረደር እንደሚል። ፋብሪካው ዘይቱን አሙቆ ኒኬል ባለበት ሃይድሮጅን በግፊት ሲያስገባ ድርብ ትስስሩ ነጠላ ይሆንና ሰንሰለቱ ይቃናል፣ ዘይቱም ይጠጥራል። ጀርመናዊው ቪልሄልም ኖርማን እ.ኤ.አ. በ1902 ያስመዘገበው ዘዴ ነው። ጣጣው ሥራው መሐል ላይ ሲቆም ነው፦ ከቀሩት ትስስሮች ከፊሎቹ ቅርጻቸው ይገለበጥና ትራንስ ስብ ይወጣል። እስከ መጨረሻው ከተሄደ ትራንስ የሚባል አይቀርም ማለት ይቻላል፤ ግን በጣም ስለሚደርቅ ከፈሳሽ ዘይት ጋር ያዋህዱታል። ስለዚህ መለያው ላይ «በከፊል ሃይድሮጅን የተጨመረበት» የሚል ካየሽ ተይው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ100 ግራም ስብ ውስጥ ትራንሱ ከ2 ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ያለ መለያ የሚመዘነውን እኔ ቤቴ አላስገባም።

ወለተ፦ ታዲያ ጠዋት ጠዋት የሚረጋው ዘይትም እንደዚሁ ነው?

መምህሩ፦ አይደለም፤ የፓልም ዘይት ነው። ግማሽ ያህሉ በተፈጥሮው የሚረጋ ስብ ስለሆነ ያለ ሃይድሮጅንም በጅማ ብርድ ይረጋል። ትራንስ የለውም ማለት ግን እንደ ልብ ይበላ ማለት አይደለም።

የቆጪ ልጅ፦ የእኛ ሱቅ ትራንስ የለውም።

የጂሬኑ፦ መለያው ምን ይላል?

የቆጪ ልጅ፦ መለያ ምን ያደርጋል? ሰውየውን እናውቀዋለን።

ጋጋሪዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ መምህር። ፓልሙ ለብስኩት ይሆናል?

ሆድ የባሰው፦ ሻጩ እኮ ገንዘቤን አልመለሰም። የት ይከሰሳል?

አባ ቢያ፦ የተረፈውን ቅቤ ይዘህ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂድ።