ድርቅ በዓመት ይቆጠራል? ኩሬ ወይስ ዘር

የማኅበሩ ጸሐፊ (አቃቂ አካባቢ)፦ ቅዳሜ ከመሰብሰባችን በፊት እዚሁ እንነጋገር። ያጠራቀምነውን ገንዘብ ኩሬ እናስቆፍርበት ወይስ ቶሎ የሚደርስ የጤፍ ዘር እንግዛበት? ባለፈው ስብሰባ ጋሼ «ድርቅ በየአሥር ዓመቱ ይመለሳል፤ የ2007ቱ አልፏል፣ ቀጣዩ ደርሷል፤ ስለዚህ ዘሩ ይቅደም» ብለው ብዙዎች ተስማምተዋል። እኔን ግን ስሌቱ አላሳመነኝም።

ጋሼ፦ አሁንም የምለው ያንኑ ነው። 66ን በልጅነቴ፣ 77ን ጎረምሳ ሆኜ አይቻለሁ። በ77 ከሰሜን በእግራቸው የመጡ ሰዎች በአጥራችን ጥግ ያድሩ ነበር። እናቴ የቆላችውን ሽምብራ በእፍኝ ታካፍላቸው ነበር፤ አንዲት እናት ድርሻዋን አኝካ ለልጇ ስታጎርስ አይቻለሁ። ይህን ያየ ሰው ዓመት ቢቆጥር አይፈረድበትም።

መምህሯ፦ ጋሼ፣ ያዩትን ማንም አይክድም። ስሌቱን ግን አብረን እንየው። ከ66 እስከ 77 አሥራ አንድ ዓመት ነው። ከዚያ ሌላው ከባድ ድርቅ በ1994 እና 95 መጣ፤ ቀጥሎ የ2007ቱ፣ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ የሆነበት። 1994ን ብንይዝ ልዩነቱ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ሦስት ዓመት ነው። ይህ ቀጠሮ አይደለም። ድርቅ ያመጣል የሚባለው ኤልኒኞ (የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ ከወትሮው መሞቅ) ራሱ ከሁለት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ሳይቆጥር ይመላለሳል። የፓስፊክ ውሃ ሲሞቅ ወደ እኛ ደጋ የሚነፍሰው እርጥብ ነፋስ ይደክማል፤ ክረምታችንም ይሳሳል። ሁልጊዜ ግን በእሱ ብቻ አይደለም። ትልቁ ኤልኒኞ በ1975 አልፎ ነበር፤ ለ77ቱ እልቂት የዳረገን ግን የ1976 ክረምት መክሸፉ ነው፤ ጦርነቱም ተጨምሮበት።

ከቦረና የመጣው አባል፦ እኔም ልጨምር። በላኒና ጊዜ፣ ማለትም የፓስፊክ ውሃ ሲቀዘቅዝ፣ የእናንተ ክረምት ደህና ሲሆን እኛ «ገና» (ከመጋቢት እስከ ግንቦት) እና «ሐጋያ» (ጥቅምትና ኅዳር) የምንላቸው ዝናቦች ይጠፋሉ። ከ2013 እስከ 2015 አምስት ወቅት በተከታታይ ከሸፈብን። የአባቴ በረት ባዶ ቀረ። በ2016 ጥቅምትና ኅዳር ደግሞ ኤልኒኞ መጣ ተባለና በሶማሌ ክልል ጎርፉ መንደር ጠረገ። «የኢትዮጵያ ድርቅ» ብላችሁ በአንድ ዓመት ስትቆጥሩ የማን ድርቅ እንደሆነ አስቡ።

ሽንኩርት አምራቿ፦ የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ባለፈው ዓመት ዝናቡ መች አነሰ? ነሐሴ ላይ ዋልካው እግር አያስገባም ነበር። መስከረም እንደገባ ግን ቀጥ አለ። ጤፉ ዘለላ አውጥቶ ፍሬ ሊሞላ ሲል ነው የቆመበት። ዘለላውን በመዳፌ ሳሸው እብቅ ብቻ ሆነ። የዓመቱ ዝናብ ተደምሮ «መደበኛ» ቢባል ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?

ጋሼ፦ ታዲያ እህቴ፣ ያንቺ ነገር የእኔን ሐሳብ ይደግፋል! ቶሎ የሚደርስ ዘር ቢኖርሽ ዝናቡ ሳይቆም ፍሬው ሞልቶ ነበር።

ሽንኩርት አምራቿ፦ ልክ ነው ጋሼ፣ ባለፈው ዓመት። ዝናቡ እስከ መስከረም መጨረሻ ቢዘልቅስ? የደረሰ ጤፍ ዝናብ ላይ ይወድቃል፣ ነዶው ይበሰብሳል።

መምህሯ፦ የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ትንበያም ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች ብሎ ዕድሉን በመቶኛ ያስቀምጣል እንጂ ዝናቡ የሚቆምበትን ቀን ለየማሳችን አይነግረንም። ስለዚህ እኔ ወደ ኩሬው አደላለሁ፤ ግን እውነቱን እንነጋገር። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። ለሩብ ሄክታር 30 ሚሊ ሜትር ለማጠጣት 75 ሺህ ሊትር ያስፈልጋል። ስምንት ሜትር በአምስት፣ ጥልቀቱ ሁለት ሜትር የሆነ ኩሬ 80 ሺህ ይይዛል፤ ትነቱና ስርገቱ ሳይቀነስ።

ጋሼ፦ ይህ ሁሉ ቁፋሮ ለአንድ ጥማድ?

መምህሯ፦ ለአንድ ጥማድ ጤፍ፣ አዎ። ወይም ለሁላችን ችግኝና ለጥጆች።

ጸሐፊው፦ እንግዲያው ገንዘቡን እንክፈለው፤ ዘሩን በግማሽ ማሳ ብቻ እንሞክረው፣ በቀረው አንድ ኩሬ እናስቆፍር። ቅዳሜ ድምፅ እንስጥበት።

ጋሼ፦ ዓመት መቁጠሩን ትቻለሁ፤ ዘሩን ግን አልተውም። ኩሬው የሚቆፈር ከሆነ የአጥሩ ወጪ አስቀድሞ ይያዝ። ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በዚያው ነው።